አራት ድንጋይ የሚበላው ጌም

የአባባ ታከለ አርባ ወጥቶ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ እንግዳው ከተበተነ በኋላ ልጃቸው እታለም ከጓዳ አንድ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣችና ጭኔ ላይ አኖረችልኝ። "ያንቺ ነው፤ ውሰጅው" አለችኝ። ስፈታው ራዲዮናቸው ነው። ከመዳፍ ትንሽ የምትሰፋ፣ ጥቁር፣ አንቴናዋ ወገቡ ላይ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ። እጄ ሳላዘው ወደ ጀርባዋ ሄደና ጎማውን ፈትቶ የባትሪ ድንጋዩን ክዳን ከፈተው።

ሽታው ወጣ። የባትሪ ድንጋይ ውሎ አድሮ ውስጡ ሲያልብ የሚያወጣው፣ ዝገትና ኮምጣጣ ነገር የተቀላቀለበት ሽታ። ስንት ዓመት አልፎም የፊት ጥርሴ ልክ እንደዚያን ጊዜው ነዘረኝ። እታለም አየችኝና ሳቀች። ለምን እንደሳቀች ለመናገር ከጌሙ መጀመር አለብኝ።

ያን ዓመት አምስተኛ ክፍል ነበርሁ። እናቴ ቢቸና በጤና ባለሙያነት ትሠራ ነበር፤ ለአንድ ዓመት ሥልጠና ደብረ ማርቆስ ተላከች። እኔን የሚይዝ ስለጠፋ ሞጣ ወዳሉት አጎቷ፣ ወደ አባባ ታከለ ወሰደችኝ። በሚኒባስ ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ እስክንገባ አላለቀስሁም። ያለቀስሁት እሷ ልትመለስ ስትነሣ ነው። "እንግዲህ አባባ፣ አደራ" አለቻቸው። ቢቸና ጎረቤታችን አንድ በግ አደራ ሰጥተው ጅብ በልቶባቸው ስለነበር፣ አደራ የተባለ ነገር ሁሉ የማይመለስ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ለዘለዓለም ሰጥታኝ የሄደች መስሎኝ የአጥሩን እንጨት ይዤ ጮህሁ። እታለም ልታባብለኝ ስትመጣ አባባ ከኋላ ሆነው "ተያት፤ ይውጣላት" አሏት።

አባባ ታከለ ረጅም፣ ቀጭን፣ እጃቸው ብቻ ከሰውነታቸው የማይመጣጠን ትልቅ ሰው ነበሩ። ግንበኛ ነበሩ፤ ሞጣ ውስጥ የስንቱን ቤት መሠረት በድንጋይ አቁመዋል። እኔ ስደርስ ግን ሥራውን ትተው ውሏቸው የተጣላ ማስታረቅ ሆኖ ነበር። ግቢው ውስጥ ዋንዛው ሥር ራሳቸው የገነቡት የድንጋይ መደብ ነበር፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባለጉዳይ እዚያ ይቀመጣል። ከጎናቸው የማይጠፉት ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ሰይድ ናቸው። ክርስቲያኑም እስላሙም የሁለቱን ቃል ያከብራል። በሌላው ቀን መደቡ ላይ አባባና ራዲዮናቸው ብቻ ነበሩ። ራዲዮኗን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የእህል ዋጋም ይሁን የሩቅ አገር ጦርነት እኩል በጥሞና ያዳምጣሉ።

እኔ ደግሞ ከልብሴ ሌላ ይዤ የመጣሁት ጌሜን ነበር። የጭነት መኪና የሚነዳው አጎቴ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ፣ በመዳፍ የምትያዝ፣ ግራጫ፣ ሁለት ትንንሽ ድንጋይ ብቻ የምትጎርስ። ከላይ ጡብ ይወርዳል፤ እያዞሩ መደርደር ነው፤ ረድፉ ሲሞላ ይጠፋል። ሌላ ነገር የላትም። ቢቸና እንዲህ ያለ ጌም የነበራቸው ልጆች ነበሩ፤ እዚህ እኛ ሰፈር ግን አንድም አልነበረም። በአንድ ሳምንት ውስጥ የማላውቃቸው ልጆች በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። ከእኔ ቀጥሎ ማን እንደሚጫወት የምወስነው እኔው ነኝ። አንዲት ልጅ ተራ እንድሰጣት ብላ ጠዋት ጠዋት ደብተሬን ትሸከምልኝ ነበር፤ እኔም አሸክማት ነበር። ሥልጣን ሰውን ለማበላሸት ሳምንት እንደሚበቃው ያወቅሁት ያኔ ነው።

አንድ ቀን አባባ "እስቲ አምጭው ያን ነገር" አሉ። ሰጠኋቸው። አውራ ጣታቸው በአንድ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ይጫናል። ቢሆንም ለድርደራው ዓይን ነበራቸው።

"አየሽ፣ ከሥር ክፍተት ትተሻል። ከሥር ክፍት ከሆነ ላይኛው ምን ቢያምር ዋጋ የለውም" እያሉ አንዱን ረድፍ ሞሉት። ረድፉ ጠፋ። ቀና አሉ። "የት ሄደ?"

"ሞላ እኮ አባባ። ሲሞላ ይጠፋል።"

"የገነባሁት?"

"አዎ።"

"አርባ ዓመት ገንብቻለሁ፤ በጨረስሁ ቁጥር የሚያፈርስ ባለቤት ግን ገጥሞኝ አያውቅም" አሉና መለሱልኝ። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስመጣ ሰላምታቸው "ዛሬስ ስንት አፈረሰብሽ?" ሆነ። እኔም ቁጥር እፈጥርላቸዋለሁ። የአጥሩን እንጨት የረሳሁት በዚህ ሰላምታ ይመስለኛል።

ጥቅምት ላይ ሰሚራ ጉድ ይዛ መጣች። ሰሚራ የጋሽ ሰይድ ልጅ ናት፤ እኩያዬ፣ የክፍሌ ልጅ፣ አጥር ብቻ ነው የሚለየን። ጂዳ ያለው ወንድሟ ለአገር ቤት መጪ ሰው አስይዞ ጌም ላከላት። ባለቀለም ጌም! ሰማዩ ሰማያዊ፣ ሣሩ አረንጓዴ፣ ቀይ የለበሰ ሰውዬ ሞተር ብስክሌት ይነዳል፤ ሲነዳም ሞተሩ እውነተኛ ድምፅ ያወጣል። የእኔዋ ማፏጨት ብቻ ነበር የምታውቅ።

ጦርነቱ በማግሥቱ ተጀመረ።

"ያንችው ቀለም የለው!" ትላለች ሰሚራ።

"ቀለም ይበላል? ያንችው ፀሐይ ላይ አይታይም፤ ሻሽ ተከናንበሽ ነው የምትጫወች!"

"የቢቸና ጌም እንደ ቢቸና ነው፤ አቧራ!"

"ቢቸና ምን ሆነች? ገበያችን ከናንተ ይበልጣል!"

ገበያው ይበልጥ አይበልጥ አላውቅም፤ ግን አገሬ ተነካች። ልጁ ሁሉ ባለጡብና ባለሞተር ተብሎ ተከፈለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ባለጡብ እኔ ብቻ ቀረሁ። ደብተር የምትሸከመዋ ልጅ የሰሚራን ትሸከም ጀመር። እኔም ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቆሜ፣ ያን ባለሞተር በእጄ እንደማልነካ በእናቴ ማልሁ።

ባለሞተሩ አንድ ጉድለት ነበረው፤ ይበላል። አራት ድንጋይ ከጎረሰ ከሰዓት በኋላውን እንኳ አይጨርስም። የእኔዋ በሁለት ድንጋይ ወር ትቆያለች። ይህን ለሁሉም ነገርሁ፤ ማንም አልሰማኝ። ጋሽ ሰይድ ግን "ይኸ ጌም ነው ወይስ በሬ?" ብለው ድንጋይ መግዛት አቆሙ። ሰሚራም ሕግ አወጣች፤ ድንጋይ ያመጣ ይጫወታል። በሰፈሩ ያለ የእጅ ባትሪ ሁሉ ተራቆተ። ያለቀውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ከዚያ በፊት በጥርሳችን ዙሪያውን ነከስ ነከስ ስናደርገው ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ያ ኮምጣጣ ሽታ አፍ ውስጥ እስከ ራት ድረስ ይቆያል። አሁን ጥርሴ ለምን እንደነዘረኝ ገባችሁ።

አንድ ቀን ሰሚራ ብቻዋን ሆና በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ። "ሞክሪው። ለማንም አልናገርም" አለች። መሐላዬ ትዝ አላለኝም። ሰውዬው እየነዳ፣ እየነዳ ሄዶ አንድ ድልድይ ጋ ሲደርስ መብራቱ ደከመ፣ ሰማዩ ጠቆረ፣ ጠፋ። እንደገና ድንጋይ ሲገባለት ከመጀመሪያው ነው የሚነሣው። በነተበ ድንጋይ ድልድዩን የተሻገረ ልጅ አልነበረም። ከድልድዩ ማዶ ከተማ አለ የሚሉ ነበሩ፤ ባሕር ነው የሚሉም ነበሩ። እኔ ያን ሰሞን እንቅልፍ እስኪወስደኝ ከድልድዩ ማዶ ያለውን ሳስብ ነው የማመሸው። ለመሻገር አራት አዲስ ድንጋይ ያስፈልጋል። በሰፈሩ ውስጥ አራት አዲስ ትንንሽ ድንጋይ በአንድ ላይ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር።

አባባ በገበያ ቀን ገዝተው አስገብተው፣ በማግሥቱ ለቅሶ ሄዱ። የራዲዮኗን ክዳን የያዘውን ጎማ ፈትቼ አራቱን አወጣሁና በምትካቸው የተነከሱትን አራት ከተትሁ። መኝታቸው ራስጌ ያለውን ሥዕል ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼ ነው ያደረግሁት። ሰሚራ ድንጋዩን ስታይ ከየት አመጣሽው አላለችም። በዚያ ቀንም አልተሻገርንም፤ ተራ ስንቀማማ አለቀብን።

ማምሻውን አባባ መደቡ ላይ ተቀምጠው ራዲዮኗን ሲያዞሩ፣ ሲያዞሩ ቆዩ። ወደ ጆሯቸው አስጠጉ።

"መቅደስ፣ እስቲ ነይ። ለአንቺ ይሰማሻል?"

ራዲዮኗ ውስጥ ያለው ሰውዬ ራብ እንደያዘው ነበር የሚናገር። ድንጋይ ሲያልቅ የሚደክመው ተናጋሪው ራሱ ይመስለኝ ስለነበር ለእሱም አዘንሁለት። ግን "አይሰማኝም" ብል ክዳኑ ይከፈታል፤ ክዳኑ ከተከፈተ የጥርሴ ምልክት አለ።

"አዎ አባባ። በደንብ ይሰማኛል" አልሁ። ዝም ብዬ ብተወው ምን ነበረበት? "ይጮኻል እንዲያውም" ብዬ ጨመርሁ።

"ይጮኻል?"

"አዎ።"

ራዲዮኗን ጉልበታቸው ላይ አኖሯት። "ድንጋዩ ትናንት የገባ ነው" አሉ ለራሳቸው።

ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል እንዲሉ፣ በሳምንቱ ደገምሁት። ባለሱቁ የቆየ ድንጋይ ሰጥቷቸው እንደሆነ ብለው አባባ ሌላ ገዝተው ነበር። ያን ቀን ድልድዩን ተሻገርሁ። ከድልድዩ ማዶ ያው መንገድ ነበር። ያው ሣር፣ ያው ሰማይ፣ ያው ዛፍ እንደገና። ሰሚራና እኔ ተያየን። እሷ "ምናልባት ከሁለተኛው ድልድይ ማዶ..." አለች፤ ድምፅዋ ግን አላመነበትም።

ወደ ቤት ስመለስ አባባ እንደገና ጠየቁኝ፤ እንደገና ዋሸኋቸው።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ተለወጠ። እታለም በነጭ ሽንኩርት የፈላ ዘይት ማታ ማታ ጆሯቸው ውስጥ ጠብ ታደርጋለች። ጠበል መጣላቸው። ሊጠይቃቸው የሚመጣ ሰው ሁሉ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ "እንዴት ዋሉ!" እያለ ይጮኻል፤ እሳቸውም ሰው ሲጮኽባቸው በሽታቸው የጸና ይመስላቸዋል። እኛ ሳንጣራ ቀና የሚሉት ሰው አሁን ዶሮ ሲጮኽ እንኳ "ሩቅ ነው?" ይሉ ጀመር። በድሮው ሰዓት መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፤ ራዲዮኗን ግን አይከፍቷትም። "ዛሬስ ስንት አፈረሰብሽ?" ማለትም ተዉ፤ መልሱን አልሰማው ይሆናል ብለው ይመስለኛል።

እኔ ሌላ ነገር ነበር የማምነው። "ይሰማኛል" ያልሁትን እግዚአብሔር ሰምቶ፣ እንዳፍሽ ይሁን ብሎ፣ የአባባን መስማት ወስዶ ለእኔ የሰጠኝ መስሎኝ ነበር። በእርግጥም በዚያ ሰሞን ሁሉ ነገር ይጮኽብኝ ነበር፤ የበሩ ማጠፊያ፣ የእታለም መጥረጊያ፣ የራሴ ልብ። ስለዚህ አዲስ ድንጋይ አግኝቼ ብመልስ እንኳ ጆሯቸው እንደማይመለስ እርግጠኛ ነበርሁ። ይህን ፍርሃት ለማንም መናገር አልቻልሁም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሰይድ መጡ። አባታቸው በተዉላቸው ቤት የተነሣ ለዓመታት ሰላም የማይባባሉ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። አባባ ክረምቱን ሙሉ አንዱን ለብቻ፣ ሌላውን ለብቻ እየሄዱ ሲያለዝቡ ከርመው፣ በመጨረሻ ሁለቱም ለእሑድ መደቡ ላይ ሊቀመጡ ተስማምተዋል። ጋሽ ሰይድ የመጡት ለዚያ ሊመክሩ ነው። እኔ በሩ አጠገብ የቤት ሥራ እሠራ ነበር።

"ሰይድ፣ እኔን ተወኝ" አሉ አባባ።

"ምነው ጋሽ ታከለ?"

"ጆሮዬ ከድቶኛል። አንዱ ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ፣ አንዱ እያለቀሰ ቢናገር፣ ግማሹን ሰምቼ ልፈርድ ነው? እኔ የሰው ቤት በግማሽ ድንጋይ ሠርቼ አላውቅም።"

"እኔ ከጎንዎ ሆኜ እደግምልዎታለሁ።"

"እርቅ በአስተርጓሚ አይሆንም።"

"እነሱ እኮ ያለ እርስዎ አንቀመጥም ብለዋል። እሑድን ካለፍን እንደገና ማን ያመጣቸዋል?"

"አውቃለሁ" አሉ አባባ። "አውቃለሁ ወንድሜ። በል ላክባቸው።"

ጋሽ ሰይድ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። አባባ ትንሽ ቆይተው ጠሩኝና ራዲዮኗን ዘረጉልኝ።

"እንኪ። ከእኔ ጋር ዝም ብላ ከምትቀመጥ የሚሰማት ሰው ይያዛት። ለአንቺ ይጮኽልሽ የለ?"

ተቀበልኋት። ውስጥ ገባሁ። ክዳኑን ከፈትሁ፤ አራቱም የእኔ ጥርስ ያረፈባቸው ናቸው። በሕይወቴ ብዙ ስጦታ ተቀብያለሁ፤ እንደዚያች ራዲዮን የከበደኝ የለም። ተመልሼ ወጣሁና ፊታቸው ቆምሁ።

"አባባ፣ ድንጋዩን ሰርቄ ነው" አልሁ፤ ከንፈሬ ብቻ የተንቀሳቀሰ ይመስለኛል።

"ምን አልሽ?"

አልሰሙኝም ብዬ ባለኝ ጉልበት ጮህሁ፤ "ድንጋዩን ሰርቄ ነው! ጆሮዎ ደህና ነው! የሰረቅሁት እኔ ነኝ!" እታለም ከማድ ቤት እጇ ሊጥ እንደሆነ ወጣች። ከአጥሩ ማዶ እነሰሚራም ሰሙኝ።

"አትጩሂ" አሉ አባባ። "ፊተኛውንም ሰምቼዋለሁ።"

ከመደቡ ተነሡ። ተመልሰው ተቀመጡ። "ወደ በሩ ሂጅ" አሉኝ። ሄድሁ። "እዚያ ሆነሽ ቀስ ብለሽ ድገሚው።"

"ድንጋዩን ሰርቄ ነው" አልሁ ቀስ ብዬ።

"ድንጋዩን ሰርቄ ነው" ብለው ደገሙት። "ራቅ በይ።"

ከግቢው ወጣሁ። መንገዱ ዳር ቆምሁ። "ያለቀ ድንጋይ ከትቼብዎት ነው። ነክሼው።"

"ነክሼው፤ እሽ። ራቅ በይ።"

መንገዱን ተሻገርሁ። አንድ አህያ የሚነዳ ሰውዬ ቆሞ ያየኛል። ኃጢአቴን ለአባባ ስናገር ለሞጣ ሕዝብም እየተናገርሁ ነበር። "ይሰማኛል ያልሁት ውሸት ነው" አልሁ፤ እንደ መጀመሪያው በከንፈሬ ማለት ይቻላል።

"ይሰማኛል ያልሁት ውሸት ነው፤ አልሽ?" የሚል ድምፅ ከግቢው መጣ።

"አዎ!"

ሮጬ ስመለስ በእነዚያ ትልልቅ እጆቻቸው ፊታቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አስለቀስኋቸው ብዬ ደነገጥሁ። እጃቸውን ሲያነሡ ግን ይስቃሉ፤ እንባቸውም ጢማቸው ላይ ነው። "ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!" አሉ። "እታለም፣ ጆሮዬን ሌባዋ መለሰችልኝ!" ከዚያ በአጥሩ ላይ ተንጠራርተው "ሰይድ! ኧረ ሰይድ! እሑድን እንዳትሰርዝ!" ብለው ተጣሩ።

እኔ ሳቁን አይቼ ያለቀ መሰለኝ። አላለቀም። አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ድንጋይ ይገዛል" አሉኝ። "የከበደኝ እሱ አይደለም። ስጠይቅሽ 'ይሰማኛል' አልሽኝ። ከጆሮዬ ይልቅ አንቺን አመንሁ። ያንቺን ቃል ይዤ የራሴን ጆሮ ጣልሁ፤ ገባሽ? ሰው አንቺን ሲያምን ምን ጥሎ እንደሚያምንሽ አታውቂም።"

ያን ቀን ግማሹ ብቻ ነው የገባኝ።

ማግሥቱን ወግ ባለው ሥርዓት መደቡ ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ሰይድ ሰሚራን እጇን ይዘው መጡ። "ዋስ ጥሪ" ተባልሁ፤ እታለም ዋስ ሆነችልኝ። ሰሚራ ሳትጠየቅ ተነሥታ "እኔም አብሬ በልቻለሁ፤ የማን እንደሆነ አውቅ ነበር" አለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተቀናቃኜ ነበረች፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ጓደኛዬ ናት። ካሣው ተቆረጠ። እስከሚቀጥለው የገበያ ቀን ድረስ ራዲዮን እኛ ነን። በየቀኑ በዜና ሰዓት መደቡ ላይ ቆመን የሰፈሩንና የትምህርት ቤቱን ወሬ እንናገራለን።

"ሌላም ነገር አለ" አሉ አባባ። "ይኸ ሁሉ የመጣው 'የትኛው ይበልጣል' በሚል ነው። አምጧቸው።" ሁለቱን ጌሞች መደቡ ላይ ጎን ለጎን አደረግናቸው። አባባና ጋሽ ሰይድ እያገላበጡ አዩአቸው። ስንት ይበላል፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ ፀሐይ ላይ ይታያል ወይ፣ ሁሉን ጠየቁ። ሰሚራም ተናገረች፤ እኔም ተናገርሁ። ወጥተን እንድንቆይ ተደረገ፤ ተመከረ። ስንገባ አባባ ፈረዱ።

"ባለሞተሩ የዓመት በዓል ልብስ ነው። ጡቧ የአዘቦት ናት። ሰው የዓመት በዓል ልብስ ለብሶ ጭቃ አያቦካም፤ በአዘቦት ልብስም ሠርግ አይሄድም። ሁለቱም ልብስ ነው፤ ማነው 'የትኛው ይበልጣል' ያላችሁ? በሉ ተሳሳሙ።"

ተሳሳምን። ባለሞተሩ ለዒድና ለፋሲካ ይወጣ ጀመር፤ ዒድን እነሰሚራ ቤት፣ ፋሲካን እኛ ቤት። ለእሱም ለበዓሉ አዲስ ድንጋይ ይገባለት ነበር፤ እስከ ሦስተኛው ድልድይ ድረስ ሄደን አይተናል፤ ያው መንገድ ነው። በሌላው ቀን ጡቧ ከሰሚራ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሰሚራ በአጥሩ ቀዳዳ ትመላለሳለች።

በዚያ ሳምንት ሞጣ ውስጥ እንደ እኛ ያለ ራዲዮን አልነበረም። ሰሚራ የሩቅ አገር ዜና፣ እኔ የእህል ዋጋ። የጎረቤት ዶሮ የት እንደጣለች፣ መምህራችን ማንን እንዳንበረከከ ሁሉ ተነገረ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ልክ ለእውነተኛው እንደሚያደርጉት በጥሞና ያዳምጣሉ። ደስ ያላቸው ዜና ሲሆን "እሱን ድገሙት" ይላሉ።

እሑድ ወንድማማቾቹ መጡ። እኛን ወደ እነሰሚራ ግቢ ሰደዱን፤ ግን የአጥሩ ቀዳዳ አለ። ታናሹ ቃሉን ሲሰጥ ድምፁ እየተቆረጠ ስለነበር ጋሽ ሰይድ እንኳ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። አባባ ጎንበስ አላሉም። ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙት። ሲጨርስ ሁለቱ ተነሥተው አንገት ለአንገት ተያያዙ። ሰሚራ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል።

ሐምሌ ላይ እናቴ መጣች። አባባ እጄን ይዘው እስከ በሩ አደረሱኝና "አደራሽን ተረከቢ" አሏት። እኔም ያንኑ የአጥር እንጨት ይዤ አልሄድም ብዬ ጮህሁ። "ተያት፤ ይውጣላት" አሉ።

ይህን ሁሉ እያሰብሁ ራዲዮኗን ይዤ ተቀምጫለሁ። እታለም አጠገቤ መጣችና ውስጧ ያለውን ያላበ ድንጋይ አየች።

"ኋላ ላይ እውነትም ጆሯቸው ሄዶ ነበር" አለችኝ። "ሦስት ዓመት ሙሉ። አጠገባቸው ቆመን ጮኸን ነበር የምንናገር። ሐኪሙም 'ጆሮዎ ነው አባቴ' ብሎ በጽሑፍ አሳያቸው። እሳቸው ግን እሽ አላሉም። ራዲዮኗን አንሥተው ይነቀንቋትና 'ያች ልጅ ከቢቸና መጥታለች መሰለኝ፤ እስቲ ድንጋዩን እዩልኝ' ይላሉ። እንቀይርላቸዋለን። ጆሯቸው ላይ ያደርጓትና ይስቃሉ። ጆሮዎ ነው ስንላቸው፣ 'አንዴ ተታልያለሁ፤ ሁለተኛ አልታለልም' ነው መልሳቸው። አንድ ቀን እንኳ ደንቁሬያለሁ ብለው አላዘኑም፤ እስኪሞቱ ድረስ።"

ጠዋት ድንኳን ውስጥ አንድ ሰውዬ "መቼም መጨረሻቸው ላይ አይሰሙም ነበር" ሲል ሰምቼ ዝም ብዬ ነበር። አሁን የራዲዮኗን ክዳን ዘጋሁ፤ ጎማውን መልሼ አሰርሁ። እታለምን አቀፍኋት፤ ሁለታችንም እየሳቅን እናለቅሳለን።

"ውሸት ነው እታለም" አልኋት። "የአባባ ጆሮ እስከ መጨረሻው ደህና ነበር። ድንጋዩን የሰረቅሁት እኔ ነኝ።"